የማስረሻዎች መሳቢያ

ስለ እትዬ ካርድ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል። ባለቤቴ «ቀስ በል እንጂ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል» ትለኛለች። ቀስ አልልም። ነገሩ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ንዴቴ ግን ገና ትኩስ ነው።

እትዬ ካርድ በጤና ጣቢያችን ካርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የሠራች ሴት ናት። እኔ የምሠራው ከእሷ መስኮት ፊት ለፊት፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነው። በመካከላችን ያለው ኮሪደር ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሕመምተኛ ጠዋት በእሷ መስኮት ካርዱን ያወጣል፣ ሐኪም ዘንድ ይገባል፣ ከዚያ የታዘዘለትን ይዞ ወደ እኔ መስኮት ይመጣል። እሷን «እትዬ ካርድ»፣ እኔን «ፋርማሲው» ያለን ይኸው ተሰላፊ ነው። ሰው በሥራው ሲጠራ ደስ ይለዋል፣ ሁለታችንም ተቀብለነው ኖርን።

አጭር ናት። የመነጽሯ እጀታ ስለተሰበረ በፋሻ ቁራጭ አስራ ጆሮዋ ላይ ታንጠለጥለዋለች። እርሳሷ ሁልጊዜ ፀጉሯ ውስጥ ነው። ካርዶቹ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጠርዛቸው በእጅ ብዛት የለሰለሰ ሲሆን እስከ ጣራው በተደረደሩ የእንጨት መሳቢያዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። ላይኛዎቹን ለማውጣት መሰላል አላት። የመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ከተሰበረ ዘመን ሆኖታል፣ እሷ ግን ሳታየው እየዘለለች ትወጣ ነበር። አቧራው ያስነጥሳታል። ስታስነጥስ ተሰላፊው በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» ይላል፣ እሷም ከመሰላሉ ላይ ሆና «እናንተን ይማራችሁ፣ የታመማችሁት እናንተ ናችሁ» ትላለች።

ከመሳቢያዎቹ ሁሉ አንዱ ለአንድ ስም ብቻ የተለየ ነበር። ማስረሻ ለሚባሉት። በአካባቢያችን ይህ ስም ለምን እንደበዛ እንጃ። የምንረሳው ነገር በዝቶብን ይሆናል። ወንዱም ሴቱም ይጠራበታል። አሥራ ዘጠኝ ካርድ ነበር፣ ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ አምስቱ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። እትዬ ካርድ ራሷ በስሟ ከእነሱ አንዷ ናት፤ ሰው ሁሉ በቅጽል ስሟ ስለሚጠራት ይህን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛ ዓመቷ ነው አሉ፣ አንድ ሽማግሌ ማስረሻ ለወገብ ሕመም መጥተው የሌላዋን ማስረሻ ካርድ ሰጠቻቸው። ሐኪሙ ቀና ሳይል ካርዱን እያነበበ «ፅንሱ ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ተመልሰው መጥተው መስኮቷ ላይ ቆሙና፣ በጣም በትሕትና፣ «የኔ ልጅ፣ እርጉዝ ነህ እያሉኝ ነው። ሚስቴ ከመስማቷ በፊት ብናስተካክለው» አሏት። ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ጀመረች። አድራሻ አይደለም፣ ዕድሜ አይደለም። «ስምሽን ማን አወጣልሽ? ለምን?» ነው ጥያቄዋ። የሚመልሱላትንም በካርዱ ጀርባ፣ በታችኛው ጥግ፣ በእርሳስ፣ በአንድ ቃል ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ምን ይጠቅምሻል ብላት እንዲህ አለችኝ፦

«ቤት ይቀየራል። ስልክ ይጠፋል። ዕድሜውንማ ተወው፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ከአሥር ዓመት በፊትም አርባ ነበር፣ ዛሬም አርባ ነው። ስሙ ለምን እንደወጣለት ግን ሰው አይሳሳትም፣ አይዋሽም። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። መስኮቴ ፊት ለፊት ስለሆነ አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልብስ ሰፊዋ ማስረሻ፣ ሜትሯ ከአንገቷ የማይወርደው፣ «እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ቀብራለች። ሦስቱን አስረሺኝ ብላ ነው። ግን የት ረስታ፣ በጠራችኝ ቁጥር ትዝ ይሏት ነበር» አለች። ጥጉ ላይ «ለሦስቱ» ተጻፈ። አትክልት ሻጯ ማስረሻ ደግሞ አምስተኛ ሴት ልጅ ነበረች። አያቷ ወንድ ሳይሆን ቀረ ብለው ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ፣ እናቷ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና «ወንድ የሚባለውን ይርሱት» አለቻቸው። «ስም እኮ አይደለም የወጣልኝ፣ ለአማቷ የሰጠችው መልስ ነው» ብላ ስትስቅ ኮሪደሩ ይሰማታል። «ለአማት» ተጻፈ። ጡረተኛው ሾፌር አባቱ ከእስር በወጣ በሳምንቱ ነው የተወለደው፣ «ከእስር»። አንዷ አስተማሪ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ባሏን ከፈታች በኋላ ፍርድ ቤት ሄዳ ስሟን ራሷ ቀየረች፣ «ራሷ»። አንዱ «የአያቴ ስም ነው፣ እሷ ምን ልትረሳበት እንደወጣላት ግን እኛ ረስተነዋል» አለ።

ግንበኛው ማስረሻ ሲጠየቅ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ያለውን አልሰማሁም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እሷ ነገረችኝ፣ ያውም እሱ ከሞተ በኋላ። እናቱ የምትወደው ሌላ ሰው ነበር፣ የዳሯት ለሌላ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ማስረሻ አለችው። ባሏ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ኖሮ ሞተ። በካርዱ ላይ የጻፈችው «ሹክ» የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ ስም ተጠርቶ ሁለት ማስረሻ አንድ ላይ ቀና ሲሉ «የሦስቱ ነሽ የአማቷ?» ትላለች። መልሱን ሰምታ እጇን ወደ መሳቢያው ትልካለች። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ወንድ አርግዟል አልተባለም።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮሪደሩን ተሻግሬ «አንቺስ እትዬ፣ ያንቺን ማን አወጣው?» አልኳት። «መስመሩን አትዝጋ» አለችኝ። መስመር ላይ ማንም አልነበረም።

የልብስ ሰፊዋ ካርድ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ከሞት ነው የተረፈችው። በካርዷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ተብሎ ተጽፏል። ቀለሙ ሲደበዝዝ እትዬ ካርድ ሐኪም እያስፈቀደች በላዩ ላይ ታደምቀዋለች። ይህን ጽሑፍ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ አይደለም። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣልን። ክፉ ሰው ነው አልልም። ጫማው ንጹሕ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ «ዘመናዊ አሠራር» ሲል አፉ ይጣፍጠዋል። ካርድ ክፍሉ ጠቧል፣ ስለዚህ ድግግሞሽ ይጥፋ አለ። መጀመሪያ እጁ ያረፈው የማስረሻዎቹ መሳቢያ ላይ ነው። አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም፣ አንድ ሰፈር፣ ሁሉም «አርባ ዓመት፣ በግምት»። አምስት ካርድ። አንድ ሰው ካርዱን እየጣለ አምስት ጊዜ አውጥቷል ብሎ ደመደመ። ካርድ የሚጥል ሰው ሞልቷል፣ አልክድም። ግን የቱ ጥሎ እንዳወጣ፣ የቱ ሌላ ሰው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦለት ነበር። ዞር ብሎ አልጠየቃትም።

በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ካርዶቹን ይዞ ገባ። ጀርባቸውን እየገለበጠ አነበበልን። «"ለአማት"። ይኼ የሕክምና መረጃ ነው? "ሹክ"። ሹክ ማለት ምን የሚባል በሽታ ነው?» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ልንገራችሁ። እትዬ ካርድ ተነስታ ቆመች።

«የሚስቁበት የሰው ስም ነው» አለች።

«ወይዘሮ፣ ይኼ የሐሜት መዝገብ ነው። ያውም በተቋሙ ንብረት ላይ።»

«ጌታዬ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ። መሳቢያውን አብረን እንየው። የትኛው የማን እንደሆነ አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ። ከነሱ ውስጥ መድኃኒት የሚገድላት አለች።»

«ሥራ በአንድ ሰው ጭንቅላት አይታሰርም» አላት። ንግግሩ ያምራል። ሰዎች በማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ። ቀጥሎም «ተቃውሞ ያለው?» አለና ዙሪያውን ተመለከተን።

መናገር ነበረብኝ። ቀዩን ጽሑፍ ከእሷ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን ኃላፊው በዚያው ሳምንት ለመድኃኒት ቤቱ አዲስ መደርደሪያ ቃል ገብቶልኝ ነበር። መደርደሪያዬን አሰብኩና ጫማዬን አየሁ። መደርደሪያው አሁንም አለ፣ በየቀኑ አየዋለሁ።

እሷን አንሶላ ክፍል መደቧት። ከጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች፣ አንድ አምፖል ያላት ክፍል ናት፣ የትራስ ልብስ እያጣጠፈች የምትውልባት። በእሷ ቦታ ሁለት የኮንትራት ሠራተኞች ገቡ፣ በአንድ ሳምንት ጨርሱ ተባሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ከአሮጌው ካርድ የመጨረሻዎቹ አራት ጉብኝቶች ብቻ ወደ አዲሱ ነጭ ካርድ ይገልበጡ፣ አሮጌው ይቃጠል የሚል ትእዛዝ ተሰጣቸው። እነሱም ሰው የነገራቸውን አደረጉ፣ በእነሱ አልፈርድም። የማስረሻዎቹ አምስት ካርድ፣ የልብስ ሰፊዋም የአትክልት ሻጯም፣ አንድ ካርድ ሆነ። የመጨረሻዎቹ አራት ጉብኝቶች የአትክልት ሻጯ ነበሩ፤ ጉሮሮዋን እያመማት ሦስት ጊዜ ፔኒሲሊን ተወግታ ምንም አልሆነችም። የልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ገጽ ከነቀይ ቀለሙ በከረጢት ተሞልቶ ከጓሮ ያለው ማቃጠያ ውስጥ ገባ። እትዬ ካርድ በአንሶላ ክፍሉ መስኮት ጢሱን ስታይ ዋለች።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ትኩሳቷ ፊቷን አቅልቶታል፣ ጉሮሮዋ አብጦ ድምፅዋ በግድ ነው የሚወጣው። ሥራዋን ጥላ ስለመጣች ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር። ከሐኪሙ የታዘዘላትን ወረቀት መስኮቴ ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ መርፌ ነው እንዴ ያዘዘልኝ? መርፌ አይስማማኝም ብዬው "ማን ይስማማዋል" ብሎ ሳቀ። ካርዴ ላይ በቀይ ተጽፎ የለም?»

ካርዱን ተቀበልኳት። ነጭ፣ አዲስ፣ ጠርዙ ያልለሰለሰ። አየሁት።

«የለም፣ እናቴ። እንዲያውም ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ወስደሻል።»

«እኔ?»

«ተጽፏል እኮ።»

«እንግዲህ ከተጻፈ እኔ ረስቼው ይሆናል» አለች። መድኃኒቱን ይዛ ወደ መርፌ ክፍል ሄደች።

ያንን ቀይ ጽሑፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብያችኋለሁ። ሴትዮዋንም አውቃታለሁ፣ ሱሪዬን የምታሳጥርልኝ እሷ ናት። ግን እጄ ላይ ያለው ወረቀት የለም አለ፣ ወረቀቱን አመንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የዚያን ቀን ሁለቱም አንድ መስኮት ላይ ተገናኙ።

የመርፌ ክፍሏ ነርስ የቆዳ ሙከራ ማድረግ ነበረባት። ካርዱን አየች፣ ሦስት ጊዜ ወስዳለች፣ ታዲያ ለምን ታደክማት፤ ወጋቻት። ሁላችንም ያንኑ ወረቀት እየተቀባበልን ነበር።

የሰማሁት ወንበር ሲወድቅ ነው። ስደርስ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ናት። ከንፈሯ አብጧል፣ ዓይኗ ተደፍኗል፣ አየር እየሳበች አይገባላትም። ወጣቱ ሐኪም ተንበርክኮ «ፈርታ ነው፣ ራሷን ስታ ነው፣ እግሯን ከፍ አድርጉ» ይላል። ነርሷ እግሯን ይዛለች። ደቂቃው ይሄዳል።

ያኔ እትዬ ካርድ የተጣጠፈ አንሶላ በክንዷ ይዛ በበሩ ገባች። አንዴ ቁልቁል አየች።

«የሦስቱ ናት» አለች። «ፔኒሲሊን ነው የሰጣችኋት?»

«ካርዷ ላይ ችግር የለባትም» አለ ሐኪሙ።

«ያ ካርድ የአማቷ ነው። ይቺ የሦስቱ ናት። ፔኒሲሊን ይገድላታል።»

ከእኔ በቀር ማንም ምን እንዳለች አልገባውም። ግን «ይገድላታል» የምትለው ቃል ለሐኪሙ በቃችው። እኔ ሮጥኩ። ትንፋሽ የሚመልሰውን የአድሬናሊን ብልቃጥ ከመሳቢያ አውጥቼ አንገቱን ስሰብር የመጀመሪያው እጄ ላይ ደቀቀ፣ ሁለተኛውን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ ወጋት። እትዬ ካርድ አንሶላውን ከጭንቅላቷ ሥር አድርጋ፣ ሜትሩን ከአንገቷ ፈትታ፣ ስሟን እየጠራች ተቀመጠች። የራሷም ስም ስለሆነ ራሷን የምትጠራ ይመስል ነበር። አምቡላንስ ወስዷት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ ተረፈች።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጥፋት ነው፣ ጥፋት ከሰው አይጠፋም። የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኃላፊው ራሱ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። አራት ገጽ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የችግሩ መንስኤ፦ «በታካሚዎች ስም መመሳሰል የተፈጠረ ክፍተት»። አባባሽ ምክንያት፦ «የቀድሞዋ የካርድ ክፍል ሠራተኛ መረጃን ከቅጽ ውጪ በግል ምልክት ይይዙ የነበረ መሆኑ»። አያችሁ? ካርድ ያቃጠለ የለም። ያልጠየቀ የለም። ዝም ያለ የለም። የለም ያለ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ስሙ ተከሰሰ። የሦስት የሞቱ ሕፃናት እናት ያወጣችው ስም ወንጀለኛ ሆኖ ተገኘ።

ቃለ ጉባኤው በጠረጴዛ ዙሪያ እየዞረ ተፈረመበት። እኔ ሰባተኛ ነበርኩ። ፈረምኩ። ቤቴ ገብቼ ስለዚህች ፊርማ ለባለቤቴ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስምንተኛዋ እትዬ ካርድ ናት፣ በምስክርነት ነው የጠሯት። በፋሻ የታሰረ መነጽሯን አድርጋ አራቱንም ገጽ አነበበች። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። ጨርሳ እስክሪብቶውን ወደ ጎን ገፋችው፣ እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠች፣ ጀርባው ላይ በታችኛው ጥግ መጻፍ ጀመረች።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?» አለ ኃላፊው።

«ለጥፋቱ ስም አውጥታችሁለታል» አለች፣ ቀና ሳትል። «እኔ ማን እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው ነው የምጽፈው። ሃያ ሰባት ዓመት ሥራዬ ይኼ ነበር።»

ወረቀቱን ወደ መሃል ገፋችው። ከአጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት። «ይህን ስም ያወጣው ኃላፊው ነው። ሊያስረሳን ነው።» ይህ ብቻ።

እኔ እጄን ዘርግቼ እርሳሷን ተቀበልኳት። ከሥሩ «በቀይ ተጽፎ የለም ወይ ስትለኝ የለም ያልኳት እኔ ነኝ። ፋርማሲው።» ብዬ ጻፍኩ። ጀግና ሆንኩ እያልኩ አይደለም፣ በፊተኛው ገጽ ላይ ያለው ፊርማዬ አሁንም እዚያው ነው። ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ኃላፊው ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተቆጣም፣ አልቀደደም። የገጾቹን ፊት ፊታቸውን ብቻ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ለበላይ አካል ላከ። ጀርባው ፋይል ውስጥ ቀረ። ለእትዬ ካርድ «ያለ ፈቃድ ወደ መርፌ ክፍል በመግባት» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሰው አድና ማስጠንቀቂያ። ከዚያ በስምንተኛው ወር ጡረታ ወጣች፣ ካርድ ክፍሉን ደግማ ሳትረግጠው፣ ከአንሶላ ክፍል። እሱ አሁን ከፍ ያለ ቢሮ ነው የተቀመጠው። ማስረሻዎቹ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው ቁጥር ታተመላቸው። አትክልት ሻጯ «እኔ ስንተኛዋ ነኝ?» እያለች በየመስኮቱ ትጠይቃለች፣ ከልቧ ግን አትስቅም።

ልብስ ሰፊዋ ከዳነች በኋላ መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፣ የሸሚዟን ኮሌታ ገለበጠች። በውስጥ በኩል፣ በቀይ ክር፣ በደቃቅ ስፌት «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ተሰፍቷል። ከጎኑ «ለሦስቱ»።

«ያሉኝን ልብሶች ሁሉ እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ» አለችኝ። «የሌሊት ልብሴን ሳይቀር። ልጄ፣ ከእንግዲህ ካርዱን አይደለም፣ ኮሌታዬን ነው የምታነበው።»

«አነባለሁ፣ እናቴ» አልኳት። ይቅርታውን የጠየቅኋት በሌላ ቀን ነው፣ ሱሪ ይዤ ሄጄ። «አንተ እንኳ ጻፍከው አሉ» ብላ ሱሪዬን ተቀበለችኝ።

ባለፈው ወር እትዬ ካርድ ራሷ መስኮቴ ላይ ቆመች። ለደም ግፊቷ ነው የመጣችው። ነጭ ካርዷን፣ ቁጥር የታተመበትን፣ በሁለት ጣቷ እንደ ቆሻሻ ይዛዋለች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

«እትዬ፣ ዛሬ መስመር አልዘጋም» አልኳት። «ስምሽን ማን አወጣልሽ?»

«ይኸው ስንት ዓመት» አለች። «ይህን የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ፣ እሱንም ሁለት ጊዜ።»

ከዚያ ነገረችኝ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የኔን ያወጣው የትምህርት ቤት መዝጋቢ ነው። የተሰለፍነው ሁለት ልጆች ነን። ከፊቴ የነበረችው ማስረሻ ነው ስሟ። እሱ ከጓደኛው ጋር እያወራ የእሷን ስም እኔም ላይ ጻፈው። እናቴ በማግስቱ ሄዳ ለመነችው። "አንዴ በቀለም ተጽፏል፣ አይሰረዝም" አላት። በሦስተኛው ቀንም ሄደች። ከዚያ ተወችው፣ ሥራ ነበረባት። እኔ በእርሳስ የምጽፈው ለዚህ ነው። እርሳስ ሲሳሳት እሺ ይላል።»

«እናትሽ ያወጣችልሽስ?»

ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች፣ ግንበኛው እንደጎነበሰው። ነገረችኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። እናንተ ግን አትጠይቁኝ፣ የነገረችኝ ለካርዷ ነው።

ካርዷን ተቀብዬ ገለበጥኩት። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ በካርድ ጀርባ ላይ ምንም መጻፍ አይፈቀድለትም፣ ሰርኩላሩ ከጀርባዬ ተለጥፏል። በታችኛው ጥግ በእርሳስ ጻፍኩት። «አሳየኝ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። መልሳ በመስኮቱ አስገባችልኝ።

«በቀለም አድርገው» አለችኝ።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ።